ክራክ ነፃነት አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በጀመዓችን የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። አዲስ ላፕቶፕ ያገኘ ፍሬሽም፣ ፋይናል ፕሮጀክት የጀመረ ተመራቂም ይጠይቀዋል፦ «ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር መጠቀም እንዴት ነው? ይፈቀዳል?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ሐራም ነው፣ በቃ» ይላል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ሌላው «ካምፓኒዎቹ ሀብታም ናቸው፣ እኛ የደሀ አገር ልጆች ነን፣ ምንም አይደለም» ይልና ፍላሹን ያቀብላል።

እኛ ሦስተኛ ነገር እንላለን። ክራክ ከዲንም ከሕግም አንጻር የሚያጠያይቅ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተጠቃሚውን ነው። መውጫውም የሌለንን ዶላር መክፈል አይደለም፤ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የአንድ ኢንጂነሪንግ ፕሮግራም የዓመት ክፍያ ከብዙ ቤተሰብ የዓመት ገቢ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ አብዛኛው ተማሪ ከውጭ አገር የሚገዛበት የክፍያ ካርድ የለውም። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ መልሱም እውነተኛ መሆን አለበት።

ዲኑና ሕጉ ምን ይላሉ?

በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ ይህን ጉዳይ መርምሯል። በውሳኔ ቁጥር 43 የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በዘመናችን የገንዘብ ዋጋ ያላቸው፣ በሸሪዓ የተጠበቁና የማይደፈሩ መብቶች መሆናቸውን ገልጿል። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል።

በሌላ በኩል፣ ዕውቀትን መደበቅ እንደማይገባ በማስታወስ የሚከራከሩ አሉ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም። ዝርዝሩን፣ በተለይ የችግርና የግዴታን ሁኔታ፣ ኡስታዞቻችንን መጠየቅ ነው። አንድ ነገር ግን ለማንም ግልጽ ነው። ፕሮግራም ስንጭን «እስማማለሁ» የምትለውን ቁልፍ እንጫናለን። ያ ውል ነው። ሱረቱል ማኢዳ ውልን መሙላትን በሚያዝ አንቀጽ እንደምትከፈት መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። «እስማማለሁ» ብሎ ወዲያው ውሉን የሚሰብር ፋይል መክፈት ቢያንስ ልብን የሚከነክን ነገር ነው።

የሚጠቀመው ማን ነው?

ብዙዎቻችን ክራክን እንደ ድል እናየዋለን፤ ትልቁን ካምፓኒ የበለጥነው ይመስለናል። ካምፓኒዎቹ ግን እንደዚያ አያዩትም። የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1998 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት ሲናገር በቻይና ስለሚሰረቀው ሶፍትዌር አንስቶ ነበር። ሰዎቹ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን፣ ይለምዱታል፣ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ ደግሞ ወደፊት እናገኛለን የሚል ይዘት ያለው ንግግር ነው ያደረገው። ይህን ከተረዳን ክራክ ማምለጫ ሳይሆን ማጥመጃ መሆኑን እናያለን። አራትና አምስት ዓመት በአንድ ፕሮግራም ብቻ እጃችን ይፈታል። ተመርቀን ቢሮ ስንከፍት ወይም የመንግሥት ጨረታ ስንወዳደር ሌላ መሣሪያ አናውቅም። ያን ጊዜ ያለን ምርጫ ሁለት ይሆናል፦ የተጠየቀውን መክፈል፣ ወይም በሌባነት እየተሳቀቁ መሥራት።

ዊንዶውስ 10ን እንውሰድ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች የሌላቸውን የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየዶርሙ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛው ያገለገለ ነው። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ባለቤቱም ሳያጠፋ፣ ከሩቅ በተወሰነ ውሳኔ «አሮጌ» ተባለ። ክራኩ ከዚህ አላዳነንም። የሶፍትዌሩ ጌታ ያው ካምፓኒው ነው፤ እኛ የተደበቅን ተከራዮች ነን።

ይህ ለአማርኛ ጸሐፊም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሠሪ የየራሱን አቀማመጥ ይጠቀም ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ የራሳችን ነው፤ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር። ሁሉም የሚጋራው ክፍት ስታንዳርድ ሲመጣ ነው በየትኛውም ስልክ አማርኛ መጻፍና ማንበብ የቻልነው።

አማናና የማይታይ ኮድ

ሁለተኛው ጉዳት ከአማና ጋር የተያያዘ ነው። የክራክ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» በማለት ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የነካካውን ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ሰጥተን እናስገባዋለን። በዚያው ማሽን ላይ የቤተሰብ ፎቶ፣ የኢሜይል ፓስወርድ፣ የጓደኛ አሳይመንት፣ ለጀመዓው የተሰበሰበ የአባላት ስም ዝርዝር አለ። እነዚህ ሁሉ የራሳችን ብቻ አይደሉም፤ የተሰጡን አደራዎች ናቸው። በየላይብረሪው ፍላሽ ከፍላሽ የሚተላለፈውን ሾርትከት ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ የለም። እሱ ግን ቢያንስ ይታያል፤ የሚያስፈራው የማይታየው ነው።

ያልተሰረቀ ዝግ ፕሮግራምም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ክፍል ያወጣውን ምርመራ እናስታውስ። ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሰላት ሰዓትና የቂብላ አፕ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዳውንሎድ ተደርጎ ነበር። የተጠቃሚዎቹ የመገኛ ቦታ መረጃ ኤክስ-ሞድ ወደተባለ የመረጃ ነጋዴ ይሄድ እንደነበር፣ ከነጋዴው ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንደነበሩ ምርመራው አጋለጠ። አፑ ከነጋዴው ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያ ነጋዴ ጥብቅ ምስጢርነት ያለውን የቦታ መረጃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ትእዛዝ አቀረበ። የየትኛው ሰው ስልክ በየትኛው መስጂድ በስንት ሰዓት እንደነበረ የሚናገር መረጃ ነው የምንለው። ሰዎቹ አፑን የጫኑት ሰላት እንዳያልፋቸው ነበር፤ ኮዱን ከፍቶ የሚያይ ባለመኖሩ ግን ነገሩ የታወቀው ጋዜጠኛ ሲቆፍር ነው።

ክፍት ኮድ በራሱ ከክፉ ይጠብቃል አንልም። በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሰው ለዓመታት ታማኝ መስሎ ቆይቶ የተደበቀ በር አስገብቶ ነበር። የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ምክንያቱን ስለፈለገ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መፈተሽ ለሚፈልግ ሰው በሩ ክፍት ነበር፣ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም፤ እውነቱም በአደባባይ ተነገረ።

እንደ ወቅፍ ያለ ነገር

ነፃ ሶፍትዌር ስንል ምን ማለታችን ነው? በአማርኛ «በነፃ» ስንል ያለ ክፍያ ማለታችን ነው፤ «ነፃ» ስንል ደግሞ ባርነት የሌለበት። እዚህ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ካስታወቀ ወዲህ ሐሳቡ በአራት ነፃነቶች ይገለጻል፦ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ መጠቀም፣ ውስጡን ማጥናትና መለወጥ፣ ለሌላ ማካፈል፣ ያሻሻሉትንም ማካፈል።

ለእኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወቅፍ ማለት ንብረቱ እንዳይሸጥ ተይዞ ጥቅሙ ለሰዎች የሚለቀቅበት ሥርዓት ነው። ጂፒኤል የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መንፈስ አለው፦ አንድ ጊዜ ለሕዝብ የተለቀቀውን ኮድ ሌላው ወስዶና ጨምሮበት ሲያሰራጭ ቆልፎ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ኪታብ በእጃቸው እየገለበጡ የተማሩ የቀድሞ ደረሶቻችንም ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። ይገለብጣሉ፣ ግን ከማን እንደወሰዱ ይናገራሉ። ዛሬ ጊት የተባለው መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይመዘግባል። ኢስናድ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነፃ ማለት ደግሞ ያለ ደንብ ማለት አይደለም። ተንዚል የተባለው ፕሮጀክት በጥንቃቄ የተመረመረ የቁርአን ጽሑፍ ለኮምፒውተር አዘጋጅቶ ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያሰራጨው ፈቅዷል፤ ጽሑፉን መለወጥ ግን ከልክሏል። ባለቤቱ ሁኔታውን ይናገራል፣ ተቀባዩ ይጠብቃል። ውል ማክበር ማለት ይህ ነው።

የቡናችን ስምና የእኛ ነገር

በቡና አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ክርክር ከሌላው ወገን ሆነንም አይተነዋል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሳው ክርክርም ዓለምን ያነጋገረ ሆነ። በጁን 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ያልነው «ስሙ የገበሬያችን ነው፣ ሳታስፈቅዱ አትጠቀሙ» ነበር። የሌላውን ሥራ ሳናስፈቅድ እየወሰድን ለራሳችን ሲሆን መብት መጠየቅ ሚዛኑ አይገጥምም።

የበለጠ የሚያስደስተው ግን ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ ነው። ስሞቹን ለሚጠቀሙ ነጋዴዎች ፈቃድ የሰጠችው ያለ ሮያሊቲ ክፍያ ነበር፤ የጠየቀችው ባለቤትነቷን እንዲያውቁና ስሙን እንዲያስተዋውቁ ነው። መብትን ይዞ በሩን መክፈት፤ ነፃ ሶፍትዌርም የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። በአንጻሩ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ይዞት የነበረውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አድርጎታል። ስለዚህ «ካምፓኒ ያለው ሁሉ ልክ ነው» እያልን አይደለም። የግፍ ባለቤትነትን በሕግና በአደባባይ እንታገል፤ በሌሊት መገልበጥ ግን ትግል አይደለም።

ለተማሪ መጫወቻ ነው?

«ነፃ ሶፍትዌር ለከባድ ሥራ አይሆንም» የሚል ካለ የራሱን ኪስ ይፈትሽ። የአንድሮይድ ስልክ ልብ ሊነክስ ነው። የፋይዳ መታወቂያችን የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ሕንድ አገር ባንጋሎር ውስጥ በሚገኝ ተቋም የተጀመረ ክፍት ኮድ ነው። አማን ግቢ ያሉ የጤና ተማሪዎች ለልምምድ ሲወጡ የሚያገኙት የጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አገር የተማመነበትን ነገር እኛ ለአሳይመንት መናቅ የለብንም።

ለእኛ ሥራም በቂ አለ። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብረኦፊስ፣ ለማትላብ ኮዶች ኦክቴቭ ወይም ፓይተን፣ ለሰርኪት ዲዛይን ኪካድ፣ ለንድፍ ፍሪካድ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለስታቲስቲክስ አር። እውነቱን እንናገር፦ ሁሉም እኩል አይደለም። ኦክቴቭ የሲሙሊንክ ምትክ የለውም። በሲቪል ዘርፍ ኢታብስን የሚጠይቁ አሠሪዎች አሉ፤ ቀላል ምትክም የለም። ለእንደዚህ ያለው የትምህርት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ለምሳሌ አውቶዴስክ ለተማሪና ለመምህር በነፃ የትምህርት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለገቢ ሥራ መጠቀም ግን አይፈቀድም። ያ ሐላል መንገድ ነው፣ ግን ስንመረቅ ያበቃል። ስለዚህ ጎን ለጎን የማያበቃውን መማር ብልህነት ነው።

ኪውጂአይኤስን ለይተን የምናነሳበት ምክንያት አለን። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቁጥር 2023/1115 ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም ቡናው የበቀለበት መሬት መገኛ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ የዙሪያው ድንበር፣ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ። የሚተገበርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ከጥላ ዛፍ ሥር ቡና የሚለቅሙ አባቶችና እናቶች ማሳቸው በካርታ ላይ ካልታየ ገበያ ሊያጡ ይችላሉ። ይህን ሥራ ኪውጂአይኤስና በስልክ የሚሠራው ኪውፊልድ ያለ ምንም ክፍያ ይሠሩታል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ፕሮግራሙንም መረጃውንም በእጁ ይይዛል። በክራክ ብቻ የሠለጠነ መሐንዲስ ግን ለገበሬው ምን ይዞ ይሄዳል? የተሰረቀ ፕሮግራም ለማኅበር ቢሮ አይጭንም፤ ፈቃዱንም ማኅበሩ አይገዛም።

ምን እናድርግ?

ነገ ሁሉም ኮምፒውተሩን ይፎርማት አንልም። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ጀመዓው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይኑረው። በእሱ ላይ ሊነክስ ሚንት፣ ከላይ የጠቀስናቸው ፕሮግራሞችና መማሪያዎቻቸው፣ እንዲሁም ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያ የሚያስነብበው ኪዊክስ ይቀመጡ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ለሁሉም ይጠቅማል። የነፃ ሶፍትዌር ደስታው ፍላሽ ይዞ ከዶርም ዶርም ማካፈል የተፈቀደ፣ እንዲያውም የተወደደ መሆኑ ነው። የለመድነው ያው መገልበጥ በንጹሕ ልብ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የቴፒ ግቢ የኮምፒውቲንግና የኢንጂነሪንግ እህትና ወንድሞች ለጀማሪዎች ይጫኑ፣ ያሳዩ። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ፋይሉን አስቀድሞ ገልብጦ ይምጣ። የሚዛንና የአማን ግቢ ጀመዓዎችም ሃርድ ዲስኩን ይቀባበሉ። ሙስሊም ያልሆነ ጓደኛም ይምጣ፤ ጥቅሙ ለጎረቤት ሁሉ ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በዚህ ሴሚስተር አንድ ፕሮግራም ብቻ እንቀይር። ዎርድ በሊብረኦፊስ ይሁን፣ ማትላብ በኦክቴቭ። አንዱ ሲለመድ ወደ ሌላው ይኬዳል።

አራተኛ፣ ተመራቂዎች የሠራችሁትን ኮድ ፈቃድ ሰጥታችሁ ክፈቱት። ፋይናል ፕሮጀክት በየዓመቱ ታትሞ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ቀጣዩ ባች ከዜሮ ይጀምራል። የሚጠቅም ዕውቀት ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሥራ መሆኑን ተምረናል። ስሙን የማናውቀው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ኮድ ከፍቶ ለአንድ ቡና ገበሬ ቢጠቀምበት፣ ኢንሻአላህ ከአጅሩ አንጎድልም።

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራም ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።